ላም የሚቆጠረው በድርቆሽ ነው
(ጎንደር ላይ ለአስጎብኚዎችና ለሆቴል ሰልጣኞች የተናገርኩት፣ ከቀረጻው ተገልብጦ ትንሽ የተስተካከለ)

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ ይሰማል? እሺ ጥሩ። የጋበዙኝ ልጆች ያሉኝ "ስዊዞች በተራራ ቱሪዝም እንዴት እንዳለፈላቸው አስረዳን" ነው፣ እኔ ግን ሳስበው ሳስበው ስለ ሀብት ከማወራላችሁ ስለ ላም ባወራ ይሻለኛል፣ ምክንያቱም አስራ አንድ ዓመት እዛ ሆቴል ወጥ ቤት ስሰራ አንድ የገባኝ ነገር ቢኖር ቱሪስቱ ያን ሁሉ ብር የሚከፍልበትን ነገር የሰራችው ላሟ መሆኗን ነው። አትሳቁ፣ እደርስበታለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጠራው፣ የኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ። ክረምት ስልም ዛሬ ሐምሌን አታስቡ፣ በረዶውን ነው የማወራው።

ቦታው ግሪንደልቫልድ ይባላል፣ በርን ካንቶን (ካንቶን እንደኛ ክልል በሉት) ውስጥ ያለ መንደር ነው፣ ነዋሪው ወደ 4000 ቢጠጋ ነው። ከፍታው 1034 ሜትር ነው። እዚህ ከ2000 በላይ ለተቀመጥን ሰዎች 1034 ማለት ቆላ ነው አይደል፣ ሙዝ የሚበላበት አገር ነው የሚመስለን። እዛ ግን ከምድር ወገብ በጣም ስለሚርቅ በረዶው ወራት ሙሉ ይተኛበታል፣ ዛፍ ራሱ ወደ 2000 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ያቆማል፣ እኛ ግን በ3000 ሜትር ገብስ እናርሳለን። ከመንደሩ ፊት ለፊት አይገር የሚባል ተራራ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ 3967 ሜትር፣ ግድግዳ ነው በቃ፣ ጠዋት መስኮት ስትከፍት ሰማዩን ለማየት አንገትህን ማንጋጠጥ አለብህ።

ባቡር መንደሩ የገባው በ1890 ነው። ልብ በሉ፣ እኛ አድዋ ገና ስድስት ዓመት ይቀረናል። ከዛ በ1896፣ በአድዋው ዓመት ማለት ነው፣ አንድ ጉየር ፄለር የሚባል ሀብታም የአይገርን ሆድ በስቶ ባቡር ወደ ላይ ላውጣ ብሎ ጀመረ፣ ሰውየው ሳያየው በ1899 ሞተ፣ ባቡሩ ግን በ1912 ነሐሴ ወር አለቀ፣ ዩንግፍራውዮክ እስከሚባለው 3454 ሜትር ላይ ያለ ጣቢያ ድረስ። አሁንም ይሰራል፣ በዓመት 365 ቀን ይሰራል፣ በ2019 ላይ የወጣው ሰው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበር። 4000 ሰው ያለበት መንደር፣ አንድ ሚሊዮን ሰው። ይሄም አልበቃ ብሎ በታህሳስ 2020፣ ያው ኮሮና ዓለምን ዘግቶ እያለ፣ አዲስ ኬብል ካር ከፈቱ፣ አንዱ ካቢን 26 ሰው ያስቀምጣል፣ በ15 ደቂቃ ከመንደር አንስቶ የአይገር በረዶ ግግር አጠገብ ያደርስሃል። ጠዋት ጄኔቭ ያረፈ ሰው ከሰዓት በኋላ በረዶ ላይ ቆሞ ሰልፊ ይነሳል።

ድሮ እንግዳ የሚመጣው በበጋ ብቻ ነበር፣ ቀጥሎ ስኪ መጣና ክረምቱም ሥራ ሆነ፣ አሁን ደግሞ ከእስያ የሚመጣው ቡድን ወቅት የሚባል ነገር አያውቅም፣ ህዳርም ይመጣል ሚያዝያም ይመጣል። እኛ ወጥ ቤት ውስጥ "ሙት ወቅት" የምንለው፣ እረፍት የምንወስድበት ጊዜ ነበረ፣ እኔ እያለሁ ነው የጠፋው።

አሁን ወደ ላሟ ልምጣ። ያ ሁሉ ሰው በኬብል ካሩ መስኮት ሲያይ ምን ያያል? አረንጓዴ መስክ፣ ፀሐይ ያጠቆራቸው የእንጨት ቤቶች፣ ቃጭል ያሰረች ላም። ኢንስታግራም ላይ ለጥፎ "ተፈጥሮ" ይላል። ተፈጥሮ አይደለም ወገኖቼ! ያ መስክ የሰው እጅ ሥራ ነው፣ ሰው ባያጭደውና ከብት ባይግጠው መጀመሪያ ቁጥቋጦው፣ ከዛ ጥዱ ይውጠዋል፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ጫካ ነው የሚሆነው። ጫካ መሆኑ ምን ችግር አለው የሚል አለ፣ ልክ ነው፣ ግን እይታው ይጠፋል፣ አበባው ይጠፋል፣ የሚገርመው ደግሞ በረዶው ራሱ ይጣላችኋል። እንዴት ማለት ነው፣ ያልታጨደና ያልተጋጠ ረጅም ሳር ክረምት ሲመጣ ወደ ቁልቁለቱ ይተኛል፣ ልክ እንደተበጠረ ፀጉር፣ በላዩ የወረደው በረዶ የሚይዘው ነገር ያጣና ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተትም አፈሩን ቆርሶ ይዞ ይሄዳል። አጭር ሳር ግን እንደ ብሩሽ ይዞ ያቆመዋል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ቁልቁለት ላይ ተንጠልጥሎ የሚያጭደው ሰውዬ ጥር ላይ ለሚንሸራተተው ሰው ነው የሚሰራው፣ አንዱ ሌላውን አያውቀውም።

ከግሪንደልቫልድ ማዶ ቬንገን የሚባል መንደር አለ፣ ጥር በመጣ ቁጥር ላውበርሆርን የሚባል የስኪ ውድድር ይካሄድበታል፣ ከ1930 ጀምሮ፣ ከዓለም ረጅሙ የቁልቁለት ውድድር ነው፣ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ተኩል። ሰዎቹ በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረሩ በቲቪ ታያላችሁ። ሐምሌ ላይ እዛው መስመር ላይ ስትሄድ ላሞች ተኝተው ያመሰኳሉ። ይሄን ለማየት ስል ብቻ አንድ የእረፍት ቀኔን ወስጃለሁ።

የከብት አያያዛቸው ሦስት ደረጃ አለው። ታች መንደር ላይ ዋናው ቤትና በረት አለ። ግንቦት አካባቢ መሀል ላይ ወዳለ ግጦሽ ይወጣሉ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ በረዶው ሲለቅ ደግሞ ወደ ላይኛው፣ መስከረም ላይ ይመለሳሉ። ላይኛውን ነው "አልፕ" የሚሉት። እኛ አልፕ ስንል ተራራው ይመስለናል፣ ገበሬው ግን አልፕ ሲል ግጦሹን ነው፣ ጫፉ ላይ ያለው ድንጋይ ጉዳዩም አይደለም። እንግዲህ ላሞቹ ላይ ሲሆኑ ታች ያለው መስክ ለድርቆሽ፣ ለክረምት ለሚቀመጠው ደረቅ ሳር ማለቴ ነው፣ ይከለላል፣ ቤተሰቡም ለሁለት ይከፈላል፣ ገሚሱ ላይ ሆኖ ያልባል፣ ገሚሱ ታች ያጭዳል። ወተቱን በየቀኑ ማውረድ ስለማይቻል እዛው በትልቅ የመዳብ ጋን እሳት ላይ ጥደው ቺዝ ያደርጉታል፣ ወደ 10 ሊትር ወተት አንድ ኪሎ ቺዝ ይወጣዋል። ቺዝ ማለት የበጋ ሳር ለክረምት የሚቀመጥበት መንገድ ነው ብላችሁ ያዙት፣ ልክ እኛ ቋንጣ እንደምናደርገው።

እና አሁን ዋናው ነገር። ይሄ ግጦሽ የማን ነው? የመንግስት አይደለም፣ የአንድ ሰውም አይደለም። ግሪንደልቫልድ ውስጥ ሰባት የግጦሽ ማህበሮች አሉ፣ ቤርግሻፍት ይሏቸዋል፣ የተራራው ግጦሽ በነሱ እጅ ነው። ህጋቸው የተጻፈው በ1404 ነው። እንደገና ልበለው፣ አንድ ሺህ አራት መቶ አራት፣ እኛ ጋ አፄ ዳዊት ግማደ መስቀሉን አመጡ በሚባልበት ዘመን፣ ያኔ የግሪንደልቫልድን መሬት የገዳም መነኮሳት ያዙበት የነበረ ጊዜ ነው። የህጉ አጥንት ምንድን ነው፣ ላይ የማሰማራት መብት ታች ካለው መሬት ጋር የተሳሰረ ነው፣ ታች መሬት የሌለው ሰው ብር ስላለው ብቻ መንጋ ገዝቶ ላይ አይለቅም።

ሌላ ካንቶን ቫሌ ውስጥ ያለች ተርበል የምትባል መንደር ደግሞ በ1517 ይሄንኑ ነገር የበለጠ ግልጽ አድርጋ ጽፋዋለች፦ ማንም ሰው ክረምቱን ሊቀልብ ከሚችለው በላይ ላም ወደ ላይ አያወጣም። በቃ ይሄው ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም የሚሏት አሜሪካዊት ምሁር የጋራ ሀብት እንዴት ሳይጠፋ ይተዳደራል ብላ ስታጠና ይቺን መንደር እንደ ምሳሌ አቅርባታለች፣ በ2009 ኖቤል አገኘች፣ በኢኮኖሚክስ የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

የህጉን ብልሃት ግን እዩት። በበጋ ሳር ሞልቷል፣ በበጋ ብትቆጥር ሁሉም ሰው ሀያ ላም ይበቃኛል ይላል። እነሱ የቆጠሩት በጭንቁ ጊዜ ነው፣ በድርቆሹ። ጎተራህ ውስጥ ያለው ድርቆሽ ስንት ላም እስከ ግንቦት ያደርሳል? አምስት? እንግዲያው አምስት ይዘህ ውጣ። ማጭበርበርም አይቻልም፣ ድርቆሽ አይደበቅም፣ ጎረቤት ያየዋል።

ይሄ ለኛ እንግዳ ነገር መስሎ እንዳይታያችሁ። መንዝ ጓሳ የሄዳችሁ አላችሁ? እጅ እስቲ... ሦስት፣ አራት፣ ጥሩ። መንዞች ጓሳውን ለዓመታት ይዘጉት ነበር፣ ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም፣ ጠባቂ ከመሀላቸው መርጠው፣ የከፈተውን ቀጥተው፣ ከዛ ሳሩ ሲደርስ ለቤት ክዳኑም ለገመዱም አብረው ያጭዱ ነበር። በመቶዎች ዓመት የቆየ ሥርዓት ነው፣ የፈረሰው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው (ይሄ በኛ)፣ ርስቱ ሲቀር ጥበቃውም አብሮ ቀረ፣ አሁን በማህበረሰብ ጥበቃ እንደገና ቆሞ ሎጅም አለው። ስለዚህ ስዊዞቹ ከኛ የሚለዩት በብልሃት አይደለም፣ ህጋቸውን ማንም መጥቶ አልሰረዘባቸውም፣ እሱ ነው ልዩነቱ።

እሺ ገንዘቡስ? እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ቱሪዝሙ ገበሬውን ያኖረዋል ይላል። በቀጥታ አያኖረውም። ገበሬውን የሚያኖረው በዋናነት መንግስት ነው። በ1996 ህዝቡ በድምጽ አንድ የህገ መንግስት አንቀጽ አጸደቀ፣ ገበሬ ምግብ ብቻ ሳይሆን መልክዓ ምድሩንም ይጠብቃል፣ ተራራማው አገር ሰው አልባ እንዳይሆንም ያደርጋል፣ ስለዚህ ለዚህ ይከፈለው የሚል ሀሳብ ያለበት። አሁን በዓመት ወደ 2.8 ቢሊዮን ፍራንክ በቀጥታ ለገበሬዎች ይከፈላል። ቁልቁለቱ በጨመረ ቁጥር ለሚታጨደው መሬት የሚከፈለው ይጨምራል፣ ከብቱን በበጋ ላይ ስላወጣ ራሱ ይከፈለዋል። ስዊዝ ከተማ ውስጥ ባንክ የሚሰራው ሰው በግብሩ ነው እንግዲህ ያንን የኢንስታግራም መስክ የሚያሳጭደው። ስኪ ሜዳውና የኬብል ካር ምሰሶው ያረፈበት መሬት ባለቤት ደግሞ ለማሳለፊያ ይከፈለዋል፣ የተጠቀጠቀ በረዶ ፀደይ ላይ ዘግይቶ ስለሚቀልጥ ሳሩ ይዘገያልና የሱም ካሳ አለ። መሬቱ በእጁ ስለሆነ ነው ለድርድር የሚቀመጠው። ያለ መሬት የሚመጣ ድርድር ልመና ነው።

አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ ነበሩ፣ ስማቸውን አልጠራም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ድርቆሽ ልረዳቸው እሄድ ነበር፣ በደሞዝ አይደለም፣ በቺዝ። አስራ ሁለት ላም ነው ያላቸው። ጠዋት አስራ አንድ ሰዓት ያልባሉ፣ ክረምት ላይ ከዛ ወርደው የስኪ ሊፍት ላይ የሊፍት ሰራተኛ ዩኒፎርም ለብሰው ሰው ያሳፍራሉ፣ ማታ ተመልሰው ያልባሉ። ባለቤታቸው ሁለት ክፍል ለእንግዳ ያከራያሉ። ከሦስቱ ገቢ አንዱ ቢጎድል ቤቱ አይቆምም። ቱሪስት እሳቸውን ሊፍቱ ላይ ሲያያቸው ተቀጣሪ ነው የሚመስሉት፣ መሬቱ የማን እንደሆነ አያውቅም፣ እሳቸውም አይናገሩም፣ በዛ በኩል መንዜ ናቸው ማለት ይቻላል።

ግጭት የለም እንዳትሉ። በ2014 ኦስትሪያ ቲሮል ውስጥ አንዲት ጀርመናዊት ውሻዋን ይዛ በግጦሽ መሀል በሚያልፍ መንገድ ስትሄድ ጥጃ ያላቸው ላሞች ረግጠው ገደሏት። ላም ውሻ ስታይ ተኩላ ነው የምታየው፣ ይሄን የኛ እረኛ ያውቀዋል፣ የከተማ ሰው አያውቀውም። ገበሬው የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ሰቅሎ ነበር። በ2019 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ካሳና ጡረታ ተደማምሮ ወደ 490,000 ዩሮ የሚደርስ ፈረደበት፣ ምክንያቱም ቦታው እንግዳ ማረፊያ አጠገብና ሰው የሚበዛበት ስለሆነ አጥር ማጠር ነበረበት ተባለ። ቲሮል ሁሉ ተናወጠ፣ ገበሬው "እንግዲያውስ ተራራውን ለእግረኛ እንዘጋለን" አለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጥፋቱን ግማሽ ለግማሽ አደረገው፣ በመጨረሻ በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸናው፣ መንግስትም ህጉን አሻሽሎ እንግዳውም በግጦሽ ላይ ሲሄድ የራሱ ኃላፊነት እንዳለበት ጻፈ። እኔ ስለ ሟቿ አዝናለሁ፣ ግን ስንት ሺህ ሄክታር ተራራ ነው የሚታጠረው?

የቃጭሉስ ነገር? በርን ካንቶን ውስጥ አርቫንገን የምትባል፣ ተራራ ላይ እንኳን ያልሆነች መንደር አለች፣ አዲስ የገቡ ተከራዮች በሌሊት የላም ቃጭል እንቅልፍ ነሳን ብለው ከሰሱ፣ መንደርተኛው ከአንድ ሺህ በላይ ፊርማ ሰብስቦ በ2023 ቃጭሉ ይቀጥላል አስባለ። በዛው ዓመት ደግሞ ዩኔስኮ የስዊዞችን የአልፕ ከብት ወቅት በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበው። ቅርስ ሆኖም እንቅልፍ ይነሳል።

ግን የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። እኔ ግሪንደልቫልድ ስሰራ ግሪንደልቫልድ አልኖርኩም። ኪራይ የለም፣ ያለውም አይነካም፣ ኢንተርላከን ተከራይቼ በባቡር ከግማሽ ሰዓት በላይ እመላለስ ነበር፣ የመጨረሻው ባቡር ካለፈኝ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል አግዳሚ ላይ ነበር የማድረው። ቤቶቹ ግን አሉ እኮ! መስኮታቸው ተዘግቶ በዓመት ሁለት ሳምንት የሚከፈቱ። ስዊዞች ይሄ አንገሽግሿቸው በ2012 መጋቢት ላይ ድምጽ ሰጡ፣ በየመንደሩ ሁለተኛ ቤት የሚባለው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ፣ 50.6 በመቶ ብቻ ነው ያለፈው፣ ብዙዎቹ የተራራ መንደሮች ራሳቸው ተቃውመውታል ምክንያቱም ግንባታ እንጀራ ነው። ህጉ ወጣ፣ የነበረው ግን እንዳለ ቀረ።

እና እኔ በባቡሩ ስመላለስ የማስበው ይሄንን ነበር፦ እነዚህ ሰዎች ከ600 ዓመት በፊት ላምን በድርቆሽ ቆጥረዋል፣ እንግዳን ግን በበጋ ነው የቆጠሩት። አልጋ ስንት አለ፣ ካቢኑ ስንት ይጭናል፣ ባቡሩ ስንት ያደርሳል። የሚያስተናግደው ሰው የት ያድራል ብሎ የጠየቀ የለም። ውሃው በደረቅ ጥር፣ መንገዱ በነሐሴ ቅዳሜ፣ ወጥ ቤት ያለው ልጅ ኪራይ፣ የሽማግሌው ልጅ ትዳር ይዞ መንደሩ ውስጥ ቤት ማግኘቱ፣ ድርቆሹ እሱ ነበር። 1404 ላይ የነበሩት ሰዎች ቢነሱ መጀመሪያ እሱን ነበር የሚጠይቁት ብዬ አምናለሁ፣ ልሳሳት እችላለሁ።

ስሜንን ሳላነሳ አልወርድም፣ ምክንያቱም ግንኙነቱ እውነተኛ ነው። በ1970ዎቹ የስሜን ፓርክ ዋርደን ከነበሩት አንዱ ሀንስ ሁርኒ የሚባሉ ስዊዝ ናቸው፣ የበርን ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ሰው፣ ከግሪንደልቫልድ ካንቶን ማለት ነው፣ የአፈር መሸርሸርን እዛ ሆነው አጥንተዋል። ዩኔስኮ ፓርኩን በ1978 መዘገበ፣ አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ያወጣው በ2017 ነው፣ ከዛ ዓመት በፊት ፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ሰዎች ከ400 በላይ ቤተሰብ ሆነው ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ። አንድ አገር ገበሬው መልክዓ ምድሩን ይጠብቃል ብሎ ይከፍላል፣ ሌላው አገር መልክዓ ምድሩ እንዲጠበቅ ገበሬውን ያወጣል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው፣ ስሜን ላይ ግጦሹ ከመጠን አልፎ ነበር፣ ዋልያም ሌላ አገር የለውም፣ ይሄን አልክድም።

ንግግሩ እዚህ ላይ አልቆ ነበር፣ ግን ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ልጨምር። አንዲት ልጅ ተነስታ "ታዲያ ግጭ ላይ ከብት ይመለስ ነው የምትለው?" አለችኝ። አላልኩም፣ እኔ እዛ አልኖርኩም፣ ግን የግጭ ሰው ደባርቅ ሰፍሯል፣ እዛ ሜዳ ላይ ግንቦት ላይ ስንት ከብት ይቆማል፣ ስንት በቅሎ ይቆማል፣ ስንት ድንኳን ይተከላል ብላችሁ ብትጠይቁት ከኔም ከፓርኩም የተሻለ ይነግራችኋል፣ ጠይቃችሁታል? አልኳት። ዝም አለች፣ ከጎኗ ያለው ልጅ "አልጠየቅነውም" አለ።

ከዛ ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንድ አባት፣ ማን እንደጠራቸው አላውቅም፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው "ልጄ፣ የዛ ሽማግሌ ላም በክረምቱ በቀን ስንት ድርቆሽ ትበላለች?" አሉኝ። ወደ 15 ኪሎ ይሆናል አባቴ አልኳቸው። "ስንት ቀን?" ወደ 200 ቀን። በጣታቸው ቆጠሩ። "ሰላሳ ኩንታል። ላንዲት ላም።" አዎ። "አስራ ሁለት ናቸው ነው ያልከኝ?" አዎ። "ብቻቸውን ነው የሚያጭዱት?" ከቤተሰባቸው ጋር፣ ቅዳሜ ደግሞ እኔ ነበርኩ ስላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና ሳቁ፣ አዳራሹም አብሮ ሳቀ፣ እዚህ ጋ መብራት ጠፋ፣ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ስለ ድርቆሽ በጨለማ ቀጠልን።